ሠላሳ አንደኛው ረድፍ

ሳሎኑ መሐል ስድስት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች እንደ አውሮፕላን ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ወገን ተደርድረዋል። በመሐላቸው ከኮሪደር የመጣች ጠባብ ምንጣፍ ተዘርግታለች፤ እሷ መተላለፊያ ናት። በግራ ካሉት ሦስት ወንበሮች ምንጣፉ ዳር ባለው ላይ እናቱ የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀኝ እግሯን ሳታጥፍ ወደ ምንጣፉ ዘርግታ ተቀምጣለች። ልጇ፣ የአርባ አንድ ዓመቱ የሚዛን መርማሪ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ከወንበሩ ጠርዝ እስከ ተረከዟ በሜትር ይለካል። ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ ተነሥቶ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ መስሎ በምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለና እግሯን ሳይነካ ማለፍ እንደሚቻል አረጋገጠ። እናቱ ከንፈሯን ሰብስባ ሳቋን ያዘች።

«ማሙሽ፣ ተነሥተናል ወይስ ገና ነን?» አለችው።

ታላቅ እህቱ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሰው ሲለካ ማየት ብርቁ አይደለም፣ አለካኩን ግን ይታዘባል። እናታቸው ጉልበቷን አስቀይራ እዚህ ቤት ስድስት ሳምንት ስታገግም፣ እህቱ ሱቋን ዘግታ ከሩቅ ከተማ አብራት መጥታ፣ ሶፋ ላይ እያደረች፣ መድኃኒቱንም መታጠቢያ ቤቱንም የእግሩን እንቅስቃሴም እሷው ናት የያዘችው። ቤቱ የእሱ ነው። ኪራዩም የእሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ከአርባ ሁለቱ ሌሊት እዚህ ያደረው አሥራ አንዱን ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ወይ አየር ላይ ወይ የዱቄት ፋብሪካ ካለበት አንድ ከተማ ነበር ያሳለፈው። ዛሬ እናትና ሴት ልጇ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ መንገዱ የሦስት ሰዓት በረራ ነው። ሐኪሙ ሲያሰናብታት አጥብቆ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እግሯ ያን ያህል ጊዜ ታጥፎ እንዳይቆይ፣ መተላለፊያ ዳር ተቀምጣ ትዘርጋው፣ በየግማሽ ሰዓቱም ከፍ ዝቅ ይደረግላት፤ አለዚያ ደም ሊረጋ ይችላል። የሚዛን መርማሪው ይህን ሲሰማ ልቡ ሞላ። እናቱ የምትፈልገው ነገርና እሱ ያለው ነገር አንድ ሆነው ሲገኙ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ያለው ነገር ካርድ ነው። ሥራው የፋብሪካና የጭነት መኪና ሚዛኖችን እየዞሩ መመርመር ስለሆነ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ የብረት መመዘኛ ይዞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበርራል፤ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ሰው ስምንት ዓመት በአንድ አየር መንገድ ሲመላለስ ወይ ይሰለቻል ወይ ወገቡን ይታመማል፤ እሱ የበረራ ነጥብ አጠራቅሞ ወርቃማ ካርድ አወጣ። በካርዱ ሻንጣው ላይ ሃያ ኪሎ ይጨመርለታል፣ የፊት ረድፍ ወንበር ያለ ክፍያ ይመርጣል፣ ላውንጅ ወደሚሉት ልዩ ማረፊያ ከአንድ እንግዳ ጋር ይገባል፣ ሲሳፈር ከአንደኛው ቡድን ጋር ይጠራል። ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ባዶ ወንበር የተረፈ እንደሆነም ስሙ ዝርዝር ላይ ይሰፍርና አንዳንዴ ተራው ደርሶት ከፍ ይላል። በየሩብ ዓመቱ የሚደርሰው ደብዳቤ «ክቡር ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። አንዱን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት እህቱ አየችውና ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም የለውም፤ «ክቡር ደንበኛችን፣ ሽንኩርት አልቋል» ትለዋለች። እሱ በስሙ የሚናደድ ይመስላል እንጂ በሆዱ ይወደዋል። ሌላ ክቡር የሚለው ሰው የለማ።

ትኬት ሲቆረጥ እህቱ የወንበር መምረጫውን እንክፈል ብላው ነበር። ክፍያው ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚወስደው ታክሲ ያነሰ ነው። እሱ ግን እንደተሰደበ ሰው ሆነ። እኔ እያለሁ ለወንበር ይከፈላል ወይ አለ፤ ካርዱን ሲያዩ ሠራተኞቹ ከራሳቸው ወንበር እንኳ እንደሚነሡ ነገራት። «ተይው እታለም፣ እኔ ራሴ አደርሳታለሁ» አለ። እህቱ በበኩሏ አየር መንገዱ ዘንድ ደውላ ለእናቷ ተሽከርካሪ ወንበር አስመዘገበች።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ለወርቃማ ካርድ በተለየው መስመር ከፊቱ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሌላው መስመር እንደ እባብ የተጠማዘዘውን ሰልፍ ያላየ መስሎ፣ ሰልፉ ግን እንዲያየው እየፈለገ፣ እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር ከሚገፋው ዝምተኛ ሠራተኛ ቀድሞ ወደ መስኮቱ ተራመደ። ለሠራተኛዋ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳት። እናቱ ቀኝ እግሯን ስለምትዘረጋ በግራ ወገን የመተላለፊያ ዳር ያስፈልጋታል፤ በቀኝ ወገን የተቀመጠ ሰው መተላለፊያው ላይ የሚዘረጋው ግራ እግሩን ነው። እሱ አራተኛ ረድፍ ስለሆነ እነሱንም አጠገቡ ቢያደርጉለት ደስ ይለዋል። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማችው፣ ቁልፎቹን ነካካች፣ ከዚያም ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ላይ መሐልና መስኮት ዳር መሆናቸውን፣ አውሮፕላኑም መሙላቱን ነገረችው። እሱ ፈገግ አለ። ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ድመት የያዘችውን አይጥ ለባለቤቷ እንደምታቀርብ፣ በጣቱ ገፋ አድርጎ ፊቷ አኖረው።

«አይቼዋለሁ ጌታዬ። ግን የካርዱ መብት በአንድ ቁጥር አብሮ ለተቆረጠ ሰው ነው። የእርስዎ ለብቻው ነው የተቆረጠው።»

ሕጉን ያውቀዋል። ለሥራ ባልደረቦቹ ሁለት ጊዜ አስረድቷል። ለብቻው የቆረጠበትንም ምክንያት ያውቃል፤ ለእናቱና ለእህቱ የገዛው ርካሹ ትኬት ነጥብ ስለማይሰጥ፣ የራሱን ነጥብ እጥፍ ከሚሆንበት ዓይነት ነጥሎ ገዝቷል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይሄ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ልጅቷ ግን ፊቱ ሲጠቁር አይታ ልታጽናናው ፈለገች።

«ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መመለሻዎም ተረጋግጧል» አለችው። «በዚህ ደርሶ መልስ የጎደለው ነጥብ ስለሚሞላ ካርድዎ ለሚቀጥለው ዓመት ይታደሳል። እንኳን ደስ አለዎት።»

እህቱ ከኋላው ቆማለች። «አደርሳታለሁ» ያለውን ሳምንት ያህል እቆያለሁ ማለቱ አድርጋ ነበር የወሰደችው፤ ለጎረቤት ደውላ ትንሿን ክፍል አስጠርጋለት፣ አንሶላም አስቀይራለት ነበር። እሱም ይህን ሲሰማ አላረማትም። አሁን ዞሮ ሊያያት አልደፈረም፤ የሻንጣ ማንሸራተቻውን ጎማ ሲመለከት ቆየ። እናቱ ጆሮዋ በጫጫታ መሐል ስለማይሰማ ልጅቷ ምን እንዳለች ጠየቀች።

«ካርዱ ታድሷል እማዬ» አለች እህቱ። «እንኳን ደስ አለን።»

አንድ ነገር ግን ቀርቶለት ነበር። የእሱ የራሱ ወንበር አራተኛ ረድፍ፣ ግራ ወገን፣ መተላለፊያ ዳር ነው፤ ማለትም በትክክል እናቱ የሚያስፈልጋት። እሷን እዚያ አስቀምጦ እሱ ሠላሳ አንድ መሐል ይገባል። ልጅቷም ውስጥ ገብታችሁ መለዋወጥ ትችላላችሁ አለች። ይህን እንዳሰበ ነፍሱ መለስ አለችለት፤ እንዲያውም መሥዋዕትነቱ እያማረው መጣ። ሰዓት ስለነበራቸው ላውንጅ እንግባ አለ፤ ወዲያው ግን ካርዱ የሚያስገባው እሱንና አንድ እንግዳ ብቻ መሆኑ ትዝ አለው። ሦስቱም መስታወቱ በር ፊት ለፊት ቆሙ። በውስጥ ለስላሳ ወንበሮችና በየመልኩ የተደረደረ ብስኩት ይታያል። እህቱ እናቷን ይዞ እንዲገባ በእጇ አመለከተችው። እናቱ ግን ሦስት ሆነን መጥተን ሁለት ሆነን አንበላም አለችና ተሽከርካሪውን የሚገፋውን ሰው ወደ መሳፈሪያው በር እንዲወስዳት ለመነችው። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያንተ ነጥብ ነው» አለችው እህቱ ስታልፍ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

እሱ ብቻውን ገባ። የገባው ለምግብ አይደለም፤ እህቱንም ከኋላ ረድፍ ሊያስነሣት ነው። ቢሆንም ወረፋ እስኪደርሰው አንድ ብርጭቆ ማንጎ ጠጣ። ማንጎውን የጠጣው ቆሞ ነው፤ በኋላ ራሱን ሲከላከል ይህችን ነጥብ ደጋግሞ አንሥቷታል። የላውንጁ ተቀባይ ስሙን መዝግባ ስታይ ሌላ ወንበር እንደሌለ ነገረችው፤ ነገር ግን ወደ ቢዝነስ ክላስ ከፍ በሚሉት ዝርዝር ላይ እሱ አንደኛ ነው፣ ስሙ እንዳለ ይቆይ ወይ ብላ ጠየቀችው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመልሰው አንድ መልስ ነበረው። አፉ ከራሱ ቀደመና «ይቆይ፣ ደስ ይለኛል» አለ።

መሳፈር ሲጀመር በድምፅ ማጉያው አንደኛው ቡድን አይደለም የተጠራው። መጀመሪያ የተጠሩት እርዳታ የሚያስፈልጋቸውና አንድ አንድ አጃቢያቸው ናቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ጥሪ ሰምቶት አያውቅም፤ ሲጠራ ጆሮው የራሱን ቡድን ብቻ ይጠብቅ ነበር። እናቱና እህቱ እሱን ቀድመው በሩን አልፈው ሄዱ። ልከተል ሲል አጃቢ አንድ ነው ተባለ፤ ክቡር ደንበኛችን ቀጥሎ ይጠራሉ። ተጠራም። የመሳፈሪያ ካርዱን ማሽኑ ላይ ሲያስነካ መብራቱ ቀላ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ተቆጣጣሪው ሰውዬ አዲስ የመሳፈሪያ ካርድ አትሞ በሁለት እጁ ሰጠው። ሁለተኛ ረድፍ፣ መስኮት ዳር፣ ቢዝነስ ክላስ። በውስጡ አሮጌው ደስታ ለቅጽበት ብልጭ አለና ጠፋ። አራተኛ ረድፍስ? አራተኛው ረድፍ በዝርዝሩ ላይ ለሚከተለው ሰው ተሰጥቷል። መልሱልኝ አለ። ሰውዬው ይህን ቃል ከዚህ በር ላይ ሰምቶ የማያውቅ መሆኑ ፊቱ ላይ ታየ፤ መመለስ አይቻልም፣ ወንበሩን ያገኘውም ሰው ገብቷል። የሚዛን መርማሪው ሲገባ አሻግሮ አየው፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ወርቃማ መለያ የተንጠለጠለበት ቦርሳ እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ሁለቱም እግሩ ደህና ነው።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስተናጋጇ ኮቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ኮቱን አልሰጣትም። እናቱን እዚህ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት፤ ትንሽ አሰበችና ወንበሩ በስሙ መሆኑን፣ ነገር ግን በሩ ከመዘጋቱ በፊት ከሆነ እሷ የምትቆጥረው ወንበር እንጂ የሰው ፊት አለመሆኑን ነገረችው። ወደ ኋላ ተጣደፈ። መጣደፍ የሚቻለው ግን ከአንደኛው ቡድን ጋር ሲገቡ ብቻ ነው፤ እሱ ሲሟገት ሌሎቹ ቡድኖች ገብተው አሁን መተላለፊያው ሻንጣ በሚያወጡ፣ ሹራብ በሚያወልቁ፣ የወንበር ቁጥር በሚቆጥሩ ሰዎች ተሞልቷል። ስምንት ዓመት የዘለለውን ወረፋ አንድ በአንድ ከፈለ። አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴትዮ የቦርሳዋን ዚፕ እስክታላቅቅ ቆመ፤ ሃያኛው ላይ የሰው ክርን አገጩን መታው። እናቱ አሁን መሐል ወንበር ላይ ጉልበቷ ታጥፎ፣ ሲያማት ዝም ብላ፣ እሱን ስትጠብቅ ይታየው ነበር።

እናቱ መተላለፊያ ዳር ተቀምጣለች። እግሯ እንደ ልቡ ተዘርግቷል፤ ሰው ሲያልፍ እህቱ ከመሐል ወንበር ጎንበስ ብላ በእጇ እየደገፈች ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች። በመስኮቱ በኩል እጁ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ የወፈረ አንድ ሰውዬ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ አሸልቧል። መተላለፊያ ዳር የነበረው እሱ ነው። እንዴት ሆኖ ተነሣላችሁ ብሎ ጠየቀ። እናቱ ጥያቄው አልገባትም። «እግሬ አይታጠፍም አልኩታ» አለች።

የሚዛን መርማሪው ሰርጉ ካለቀ በኋላ ስጦታ ይዞ እንደደረሰ ሰው የመሳፈሪያ ካርዱን ይዞ ቆመ። ፊት ለፊት ሰፊ ወንበር እንዳለ፣ እግሯ ጨርሶ ከፍ ብሎ የሚያርፍበት መደገፊያ እንዳለው ነገራት። እናቱ የመጣችበትን ርዝመት በዓይኗ ለካች።

«እዚህ ድረስ ስንት ሰው ደግፎኝ መጥቼ ደግሞ ልመለስ? ለእሷ ስጣት» አለችው። «ከመጣን ጎኗን አልጋ አልነካውም።»

እህቱ ሶፋ ላይ እንደምታድር ያውቅ ነበር። ግን የሚያውቀው ሶፋው ሳሎን ውስጥ እንዳለ እንደሚያውቀው ነው። ካርዱን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም፤ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ነጥቡ ለማን ነው የሚያዘው?»

ለእሷ ነው ሊል ነበር። ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። «ለእኔ» አለ።

ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የተኛው ሰውዬ እስኪነቃ ድረስ። ከዚያ ተነሥታ የመድኃኒቱን ከረጢት አስታቀፈችው። ሰማያዊው ክኒን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ከውኃ ጋር፣ ከጭማቂ ጋር አይሆንም። እግሯ የሚነሣው ከተረከዙ ነው፣ በሁለት እጅ እንጂ በአንድ እጅ አይሆንም። «ሲያማት አትነግርህም» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቦርሳዋን እየከፈተች ስትዘጋ ካየህ አሟታል ማለት ነው።» ካርዱን ይዛ ሄደች። በመተላለፊያው እየተሹለከለከች ስትሄድ ጀርባዋን ተከትሎ አየ፤ መጋረጃው ጋ ስትደርስ አስተናጋጇ ጎንበስ አለችላት።

የመሐል ወንበር እንዴት እንደሆነ ረስቶት ነበር። ሁለቱም የክንድ መደገፊያ የሌላ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ከፊቱ ወንበር ጋር ተጣብቋል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ጎንበስ ብሎ ተረከዟን በሁለት እጁ ያዘና ከፍ አደረገው። ከጠበቀው በላይ ይከብዳል። የሚይዘው ሰውነት መሆኑ ግራ አጋባውና ልክ መመዘኛ እንደሚይዝ እጁን አደረቀ። ሲያቅማማ ቆየ። «ማሙሽ፣ መዝነህ ከጨረስክ አስቀምጠኝ» አለችው። ሁለተኛው ላይ ተሻለ። ሦስተኛው ከመድረሱ በፊት ቦርሳዋ ሲከፈት ሰማ፤ ሲዘጋ ሰማ፤ እንደገና ሲከፈት ክኒኑን ሳይጠየቅ አውጥቶ በውኃ ሰጣት። ቦርሳዋን እግሯ ሥር አኖረችውና እጇን ክንዱ ላይ ጣል አድርጋ ቆየች። መቼ እንደሚመለስ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት አላት። «ራት ሳትበላ» አለች።

አውሮፕላኑ አርፍዶ ስለተነሣ ያረፈው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። በመጀመሪያ የወረዱት የፊቶቹ ናቸው፤ እህቱም ከእነሱ ጋር። ቀጥሎ ሁሉም ወረደ፣ መስኮት ዳር የነበረው ሰውዬም እግሯን ተሻግሮ ይማርሽ እናቴ ብሎ ሄደ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚወርድ ሰው የመጨረሻ ነው፤ ሰው ከነወንበሩ የሚያወርደው ማንሻ መኪናም ሌላ አውሮፕላን ጋ ስለነበረ ጠብቁ ተባሉ። ሁለቱ ብቻቸውን በባዶው አውሮፕላን ውስጥ ቀሩ። የጽዳት ሠራተኞች ከፊት በኩል ገብተው ወረቀትና ጠርሙስ እየለቀሙ ወደ እነሱ መጡ፤ ማታ የሚመለሰው ይኸው አውሮፕላን ነው። ያኔ ስልኩ ጮኸ። ክቡር ደንበኛችን፣ መሳፈር በቅርቡ ይጀመራል፣ በቅድሚያ እንዲገቡ ተጋብዘዋል። መኪናው መዘግየቱን መልእክቱ አያውቅም። አሁን ተነሥቶ በሩጫ በውጭ በኩል ዞሮ ቢመጣ ይደርሳል፤ እናቱ ብቻዋን አትቀርም፣ አስተናጋጇ አለች፣ እህቱም በር ላይ ናት። የሚከለክለው ነገር አንድም አልነበረም። ካልሄደ ደግሞ ከጥር ጀምሮ ሦስተኛው ቡድን ነው፤ ሃያ ኪሎው ይቀራል፣ ደብዳቤውም ምናልባት «ውድ» ብሎ ይጀምር ይሆናል።

«ምን ይላሉ?» አለች እናቱ።

«በቅድሚያ ግባ ይላሉ።»

«ገና መች ወጣህና» አለችው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ጆንያዋን እየጎተተች ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ላይ ደረሰች። ወንበሮቹን ልትጠርግ ፈልጋ ነበር። አሮጊቷን አየች፣ ከዚያ ስልክ የያዘውን ልጇን አየች፣ ለማታው በረራ ቀድሞ የገባ ይሁን የሚወርድ ጠየቀችው።

«ወራጅ ነኝ» አለ። «ሁለት ነን።»